ለእግረኛ የፈረደች ከተማ

በ2017 ዓ.ም ሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ሚላኖ ውስጥ የነበረኝን ስብሰባ ጨርሼ ወደ አገሬ እስክመለስ ሦስት ቀናት ተረፉኝ። ወዳጆቼ ‹‹ቬኒስን ሳታይ እንዳትመለስ››፣ ‹‹ፍሎረንስ እያለ ሌላ ምን ያስፈልግሃል?›› አሉኝ። እኔ ግን ከተማሪነት ዘመኔ ጀምሮ ስሟ በጆሮዬ ሲያቃጭል ወደኖረችው ወደ ቦሎኛ የባቡር ትኬት ቆረጥኩ። የሕግ ትምህርት ቤት መምህሮቻችን የአውሮፓን ሕግ አመጣጥ ሲያስረዱን ከሮም ቀጥለው የሚጠሩት ስም ቦሎኛ ነበር። ፈጣኑ ባቡር ከሚላኖ ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ አደረሰኝ።

ከጣቢያው ስወጣ ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላ አልያዝኩም። የታክሲው ሠልፍ ረዥም ስለነበር ‹‹እንግዲህ መራስ ነው›› ብዬ ሻንጣዬን እየጎተትኩ መንገዱን ተሻገርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ይህንን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ከጣቢያው አቅራቢያ ተነስቶ መሐል ከተማ በሚደርሰው የኢንዲፔንዴንሳ ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት ሕንፃዎች ሁሉ ምድር ቤታቸውን ወደ ውስጥ ሸሸት አድርገው፣ ፎቃቸውን በዓምድና በቅስት ተሸክመው፣ ከሥራቸው ሰፊ በረንዳ ዘርግተዋል። አንዱ በረንዳ ሲያልቅ ሌላው ይቀበላል። ዋናው አደባባይ ስደርስ ጃኬቴ አልራሰም ነበር።

ጣሊያኖቹ ‹‹ፖርቲኮ›› ይሉታል። እኔ በረንዳ እለዋለሁ፤ ምክንያቱም ለእኛ ከተሜዎች በረንዳ ማለት ምን እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዝናብ የምንጠለልበት፣ ሊስትሮ የሚቀመጥበት፣ ሎተሪ አዟሪ የሚቆምበት፣ ቤት የሌለው ወገናችንም የሚያድርበት ቦታ ነው። የቦሎኛ በረንዳዎች ተደምረው ሲለኩ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በመጀመሪያው ቀን የማረኩኝ በውበታቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከውበታቸው ይልቅ ያስገረመኝ ሕጋቸው ሆነ።

ሕገወጥ ግንባታ ሕግ ሲሆን

ነገሩ የተጀመረው፣ ደፍሮ ለመናገር፣ በሕገወጥ ግንባታ ነው። በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቦሎኛ በሕዝብ ተጨናነቀች። ከገጠር የሚፈልሰው አለ፤ ከመላው አውሮፓ ሕግ ለመማር የሚጎርፈውም አለ። ለዚህ ሁሉ ሰው ማደሪያ ያስፈልጋል። የቤት ባለቤቶች መሬት ላይ መስፋፋት ስላልቻሉ በአየር ላይ ተስፋፉ፤ ፎቃቸውን ወደ መንገዱ ገፋ አድርገው አንድ ተጨማሪ ክፍል አወጡና ማከራየት ጀመሩ። ክፍሉ እየሰፋ ሲሄድ ምሰሶው አልበቃ አለ፤ ከሥሩ የእንጨት ዓምድ ተተከለበት። ዓምዱ ያረፈው የሕዝብ መንገድ ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ‹‹አጥር ገፋ›› ይባላል።

ከእነዚህ የእንጨት ዓምዶች መካከል ዛሬም የቆሙ አሉ። ስትራዳ ማጆሬ በሚባለው ጎዳና ላይ ያለው የኢዞላኒ ቤት በረንዳ ዘጠኝ ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው የዋርካ ግንድ በሚያካክሉ የእንጨት ዓምዶች ላይ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። አንገቴን ቀና አድርጌ ሳየው ‹‹ይህን ሁሉ ዘመን ማን ጠበቀው?›› ብዬ ነበር። መልሱ እ.ኤ.አ. በ1288 በወጣው የከተማዋ ሕግ ውስጥ ይገኛል።

የከተማዋ አስተዳደር በዚያን ጊዜ ሁለት ቀላል መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ግሬደር ባይኖርም መጥረቢያ አስይዞ ሁሉንም ማስፈረስ ነው። ሁለተኛው አይቶ እንዳላየ ማለፍ ነው። ሁለቱንም አላደረገም። ይልቁንም ‹‹ከእንግዲህ በረንዳ የሌለው አዲስ ቤት አይሠራም፤ በረንዳ የሌለው ነባር ቤትም ይሥራ›› ሲል ደነገገ። ወለሉ የባለቤቱ ነው፤ የማደሱም ወጪ የባለቤቱ ነው፤ መተላለፊያነቱ ግን የሕዝብ ነው። ከፍታውም ፈረስ የተቀመጠ ሰው እንዲያሳልፍ ሆኖ ሰባት የቦሎኛ ጫማ፣ በዛሬው መለኪያ 2 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር፣ እንዳያንስ ተወሰነ። የእንጨቱ በረንዳ እሳት ሲያስቸግር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1568 በጡብና በድንጋይ እንዲተካ ታዘዘ።

የሕግ ባለሙያ አንባቢዎቼ እዚህ ላይ ፈገግ እንደሚሉ እገምታለሁ። እኛ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ‹‹የንብረት አገልግሎት›› በሚለው ርዕስ የተማርነው ነገር ነውና። ባለቤትነት ፍጹም አይደለም፤ በአንዱ ንብረት ላይ የሌላው መብት ሊያርፍ ይችላል። ልዩነቱ እኛ ስንማረው ምሳሌያችን የጎረቤት ማሳ፣ የውኃ ቦይና የከብት መተላለፊያ የነበረ መሆኑ ነው። ቦሎኛ ግን ይህንኑ ሐሳብ ወስዳ በከተማው ሁሉ ላይ አዋለችው። ተጠቃሚው ጎረቤት ሳይሆን በስም የማይታወቀው መንገደኛ ነው። እንደ እኔ ያለው፣ ሻንጣ የሚጎትት፣ ጃንጥላ የሌለው ሰው ማለት ነው።

አንድምታና ኅዳግ

ቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1088 ነው ይባላል። ዓመቱን የቆረጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የ800ኛ ዓመት በዓል ለማክበር የተሰባሰቡ ምሁራን ናቸው። እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲው በአዋጅ የተቋቋመ አልነበረም። ኢርኔሪዩስ የሚባል መምህር የሮማውን ንጉሠ ነገሥት የዩስቲንያኖስን የሕግ ስብስብ እያነበበ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎች ዙሪያውን ተሰበሰቡ። ከሩቅ አገር የመጡት ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው መምህር የሚቀጥሩት፣ ደመወዝ የሚከፍሉትና ዘግይቶ የገባውንም የሚቀጡት እነርሱው ሆኑ። (እኛ በተማርንበት ዘመን ይህ ሥልጣን ቢኖረን ኖሮ ስንቱን መምህር በቀጣን ነበር! እነርሱም ስለ እኛ እንዲሁ እንደሚሉ አልጠራጠርም።)

ከቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ መኪና በሚተላለፍበት መንገድ ዳር፣ በዓምዶች ላይ ከፍ ተደርገው የተሠሩ፣ ጣሪያቸው እንደ ፒራሚድ የሾለ መቃብሮች አሉ። የንጉሥ መቃብር መስለውኝ ነበር። የሕግ መምህራን መቃብር ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አኩርሲዩስ ነው። ይህ ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩት መምህራን በዩስቲንያኖስ ሕግ ኅዳግ ላይ የጻፉትን ማብራሪያ ሁሉ ሰብስቦ፣ አመሳክሮ፣ ከ90,000 በላይ ማስታወሻዎች ያሉት አንድ ትልቅ ሥራ አወጣ። የእኛን የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ንባብ አለ፤ ትርጓሜ አለ፤ ‹‹አንድም›› እያለ የሚቀጥል ሐሳብ አለ። አኩርሲዩስ የሮማ ሕግ አንድምታ ሊቅ ነበር ቢባል ብዙ አልተሳሳትንም።

በዚያው መቃብር ፊት ቆሜ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አኩርሲዩስ ቦሎኛ ላይ ኅዳጉን በሚያጠናቅቅበት በዚያው ክፍለ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1230ዎቹ፣ ግብፅ ውስጥ ኢብን አል አሳል የሚባል የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ አንድ የሕግ መጽሐፍ ያዘጋጅ ነበር። የዓለማዊው ክፍል አንዱ ምንጭ የባይዛንታይን ሕግ ሲሆን፣ እርሱም መሠረቱ የዩስቲንያኖስ ሕግ ነው። መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ እኛ ዘንድ ሲደርስ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። እንግዲህ ዩስቲንያኖስ ወደ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው። መጀመሪያ በካይሮ በኩል በፍትሐ ነገሥት፤ ቀጥሎ በቦሎኛና በፓሪስ በኩል ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ባረቀቀውና በ1952 ዓ.ም በወጣው 3,367 አንቀጾች ባሉት የፍትሐ ብሔር ሕጋችን። ዕድሜዬን ሙሉ ‹‹አሮጌው›› እና ‹‹አዲሱ›› እያልኩ የለያየኋቸው ሁለት መጻሕፍት የአንድ አያት ልጆች መሆናቸውን መንገድ ዳር ባለ መቃብር ሥር ቆሜ ማስታወሴ አሳፈረኝም፣ ደስም አለኝ።

ገነት የሚባል መዝገብ

ስለ ሕግ ካነሳን አንድ መዝገብ ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1256 የቦሎኛ አስተዳደር በጌቶች ይዞታ ሥር ያሉትን ባሪያዎችና ጭሰኞች ሁሉ ገዝቶ ነፃ እንዲያወጣ ወሰነ። ከ14 ዓመት በላይ ለሆነው 10 ሊራ፣ ከዚያ በታች ለሆነው 8 ሊራ ለጌቶቻቸው ተከፈለ። ነፃ የወጡት ወደ 6,000 የሚጠጉ ሰዎች ስማቸው በየጌታው ተዘርዝሮ አንድ መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገቡ አምላክ ሰውን በገነት ነፃ አድርጎ እንደፈጠረው እያስታወሰ ስለሚጀምር ‹‹የገነት መጽሐፍ›› ተባለ። እስከ ዛሬም በከተማዋ መዝገብ ቤት ተጠብቆ ይገኛል።

በእርግጥ ዓላማው ጽድቅ ብቻ አልነበረም። ነፃ የወጣ ሰው ግብር ይከፍላል፤ ባሪያ አይከፍልም። ይህ ግን የሕጉን ዋጋ አይቀንሰውም። ቸርነት ብቻ ያወጣው ሕግ ቸሩ ሰው ሲሞት ይሞታል፤ ጥቅምና ፍትሕ የተገናኙበት ሕግ ግን ዕድሜ አለው። እኛ ዘንድ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ከዚያ መዝገብ ጋር የ700 ዓመት ግድም ልዩነት መኖሩ ብዙ ያሳስባል።

በአደባባዩ ዙሪያ

የቦሎኛ እምብርት ፒያሳ ማጆሬ ነው። ‹‹ፒያሳ›› የሚለውን ቃል ለአዲስ አበባ ሰው መተርጎም አያስፈልግም። አንድ ጥግ ላይ የንጉሥ ኤንዞ ቤት አለ። ኤንዞ የንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1249 በጦርነት ተማርኮ እስከ ሞተበት እስከ 1272 ድረስ፣ 23 ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ቤት ታስሮ ኖረ። ኃያሉ አባቱ ልጁ እንዲለቀቅ ሲጽፍ ከተማዋ እንቢ አለች። የእንቢታውን ደብዳቤ የጻፈው ሮላንዲኖ የሚባል ውል አዋዋይ ነው። እርሱም እንደ አኩርሲዩስ ከፍ ያለ መቃብር ተሠርቶለታል። ለውል አዋዋይ ሐውልት የሚያቆም ከተማ ከዚህ በፊት አላየሁም።

ከዚያው አጠገብ ባለ ቅስት ሥር አራት ጥግ አለ። በአንዱ ጥግ ግድግዳውን ተጠግተህ ስታንሾካሹክ በሰያፍ ማዶ ያለው ሰው ይሰማሃል። የማላውቀው አንድ ልጅ ከወዲያኛው ጥግ ‹‹ቻዎ›› አለኝ። እኔም ‹‹ቻው›› አልኩት። ቃሉ የጋራችን ስለሆነ አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

የቅዱስ ጴጥሮንዮስ ካቴድራል የሚመስል ግዙፍ ቤተ ክርስቲያን አደባባዩን ይገዛዋል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1390 ቢጀመርም የፊት ገጹ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ታችኛው ግማሽ እብነ በረድ፣ ላይኛው ግማሽ እርቃኑን የቀረ ጡብ ነው። ውስጡ ወለሉ ላይ ካሲኒ የሚባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1655 ያሰመረው 67 ሜትር ያህል የሚረዝም መስመር አለ። እኩለ ቀን ላይ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን በመስመሩ ላይ እያረፈ ቀኑን ይቆጥራል። ዘመን አቆጣጠራችን ለምን ከአውሮፓ እንደሚለይ ለሚጨነቅ ሰው ጥሩ ማሰላሰያ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ያለው አርኪጂናዚዮ የድሮው ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ነው። ግድግዳውና ጣሪያው በሺዎች በሚቆጠሩ የተማሪዎች ቤተሰብ አርማዎች ተሸፍኗል። በእንጨት የተሠራው የአካል ጥናት አዳራሽ ጥር 1944 (እ.ኤ.አ.) በቦምብ ተመታ። ከፍርስራሹ የተለቀመው እንጨትና ሐውልት እንደገና ተገጣጥሞ ዛሬ እንደ ድሮው ቆሟል። ሁለቱ የታወቁት ማማዎች ደግሞ ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ናቸው። አዚኔሊ 97 ሜትር፣ 498 ደረጃዎች ያሉት ነው። ጋሪዜንዳ 48 ሜትር ሆኖ እጅግ ያዘነበለ ነው፤ ዳንቴም ጠቅሶታል። ጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ላይ ጋሪዜንዳ አስጊ ሆኖ በመገኘቱ አካባቢው ታጠረ፤ እኔም በሄድኩበት ጊዜ እንደታጠረ ነበር። ለጉልበቴ እረፍት ሆነለት እንጂ ቅሬታ የለኝም።

ጾመኛ በሥጋ ከተማ

ጣሊያኖች ለቦሎኛ ሦስት ቅጽል አላቸው፦ የተማረችው፣ የወፈረችውና ቀይዋ። የመጀመሪያው ስለ ዩኒቨርሲቲው ነው። ቀይነቷ የጣሪያዋና የጡቧ ቀለም ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሥርት ዓመታት በኮሚኒስቶች መተዳደሯም ይጨመርበታል። የወፈረችው የተባለችው ስለ ምግቧ ነው። ሞርታዴላው፣ በሥጋ የተሞላው ቶርቴሊኒ፣ በእንቁላል ተቦክቶ በራጉ የሚቀርበው ታሊያቴሌ... እኔ ደግሞ የሄድኩት በዐቢይ ጾም ነው!

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ በረንዳ ሥር ካለች ትንሽ ቡና ቤት ገብቼ እንቁላል የሌለበት ፓስታ በቲማቲም ስጎ ለማዘዝ ስታገል፣ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ ጣል ያደረጉ እናት በአማርኛ ‹‹ጾም ላይ ነህ እንዴ ወንድሜ?›› አሉኝ። ደንግጬ ብድግ አልኩ።

‹‹አዎ እማማ። እርስዎ ከየት ነዎት?››

‹‹ከአስመራ። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ እኔ እነግራታለሁ›› ብለው አስተናጋጇን በጣሊያንኛ አዘዙልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቤት ሠራተኛነት ከመጡት በርካታ ኤርትራውያት አንዷ ናቸው። አማርኛውን የያዙት አዲስ አበባ ተክለሃይማኖት ሰፈር አክስታቸው ዘንድ ባሳለፉት የልጅነት ጊዜ ነው። ቦሎኛ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ለትግሉ ድጋፍ የሚሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። በእኔ ዕድሜ ያለ ኢትዮጵያዊ የከተማዋን ስም ሲሰማ ይህንንም ያስታውሳል። ስለዚያ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። እርሳቸውም አላነሱትም። ሁለታችንም ከአንድ ሳህን ወይራ ፍሬ እየለቀምን ስለ ዝናቡ አወራን።

‹‹እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርኩ መሰለህ? ሃምሳ ልደፍን ነው። አንድ ቀን ጃንጥላ ገዝቼ አላውቅም›› አሉኝ። ቀጥለውም ‹‹መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ማንንም አላውቅም፤ ቋንቋውንም አላውቅም። እሑድ እሑድ ዕረፍቴ ነው። የምሄድበት ቤት ስለሌለኝ በበረንዳው ስዞር እውላለሁ። ማንም ‘እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?’ ብሎኝ አያውቅም›› አሉኝ።

የ1288ቱን ሕግ ዓላማ ከዚህ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም። ሒሳቡን ልክፈል ብል ‹‹አንተ እንግዳ ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ!›› ተብዬ ተገሠጽኩ።

10 ሰዓት ከ25

ቦሎኛ ሕግ ሁሉ የሰመረላት ከተማ ናት ብዬ ብጨርስ ውሸት ይሆንብኛል። በባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት አለ። ሁልጊዜ 10፡25 ላይ ቆሞ ይታያል። ነሐሴ 2 ቀን 1980 (እ.ኤ.አ.) ከጠዋቱ በዚያች ሰዓት በመጠበቂያ ክፍሉ የተጠመደ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። አምቡላንስ ስላልበቃ የከተማው አውቶቡስ ጭምር አስከሬን አመላለሰ። የተጠያቂነቱ ክርክር ከአንድ ትውልድ በላይ ፈጀ። የቀኝ አክራሪ ቡድን አባላት ላይ የመጀመሪያው የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠው በ1995 ሲሆን፣ በሌሎች ተከሳሾች ላይ የተላለፈው ፍርድ በሰበር የጸናው በ2025 ነው። 45 ዓመት! የዘገየ ፍትሕ ምን እንደሆነ ሙያዬ አስተምሮኛል። ሰዓቱን እንዲቆም ያደረገ ከተማ ግን ጉዳዩ እንዲረሳ አልፈቀደም።

በአደባባዩ ጎን የሚገኘው ሌላ ግድግዳ ደግሞ ከፋሺዝም ጋር ሲዋጉ በሞቱ ከ2,000 በላይ አርበኞች ፎቶግራፍ ተሞልቷል። ፋሺስቶች የረሸኗቸውን ሰዎች ለማስፈራሪያ በሚያሳዩበት በዚያው ቦታ ላይ እናቶችና ሚስቶች በ1945 ፎቶ መለጠፍ ጀመሩ፤ መታሰቢያው የተወለደው በዚህ መንገድ ነው። ከቅጥሩ ውጪ ቺሬናይካ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው ጣሊያን ሊቢያን ከወረረች በኋላ ጎዳናዎቹ ሁሉ በሊቢያ ከተሞች ተሰይመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ምክር ቤቱ ስሞቹን አንስቶ በአርበኞች ስም ተካቸው፤ ለመታሰቢያ የቀረው ሊቢያ ጎዳና ብቻ ነው። በጣሊያን ለተወረረ አገር ልጅ በዚያ ጎዳና መመላለስ የተለየ ስሜት አለው። ስም ሙሉ በሙሉ ከተፋቀ ጥፋቱም አብሮ ይፋቃል። አንዱን መተዋቸው ትክክል ይመስለኛል።

መንገዱ የማን ነው?

በመጨረሻው ቀን ከተማዋን ቁልቁል ወደምታየው ወደ ሳን ሉካ ኮረብታ ወጣሁ። እስከ አናቱ በረንዳ ነው፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 666 ቅስቶች። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1674 ሲሆን ወጪውን የሸፈኑት ቤተሰቦች፣ የእጅ ሙያ ማኅበራትና ምዕመናን ናቸው። ዳገቱ ሲጠና ሕዝቡ ተሠልፎ የግንባታውን ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ አወጣው። የእኛ ደቦ ማለት ነው። ሐምሳን የተሻገረ ጉልበቴን እያባበልኩ ስወጣ፣ የሚሮጥ ወጣት፣ ውሻ የያዘች አሮጊትና መቁጠሪያ የያዘ ካህን አለፉኝ። ሁላችንም እግረኞች ነን፤ ሁላችንም ከጥላ በታች ነን።

እዚያ ላይ ሆኜ አዲስ አበባን ማሰቤ አልቀረም። የእኛ ከተማ የእግረኛ መንገድ ለረዥም ዘመን ምን ይመስል እንደነበር አንባቢ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ሕንፃ ከበሩ ፊት ለፊት በፈለገው ከፍታ ሴራሚክ ያነጥፋል፤ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፤ መካከል ላይ ክዳን የሌለው ጉድጓድ ይጠብቃል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል። ይህ እሰየው የሚያሰኝ ነው። እኔም እሄድበታለሁ። በዚያው ዓመት ግን የቀድሞዋ ፒያሳ አብዛኛው ክፍል ፈርሷል፤ በረንዳዎቿ ላይ ነግደው የኖሩ፣ ጓሮዎቿ ውስጥ የተወለዱ ሰዎች ወደ ዳር ከተማ ሄደዋል።

የእኔ ጥያቄ ‹‹ለምን ተሠራ?›› አይደለም፤ ‹‹በምን ይጸናል?›› ነው። በትዕዛዝ የተሰጠ መንገድ በትዕዛዝ ሊወሰድ ይችላል። የቦሎኛ በረንዳ ከ700 ዓመት በላይ የኖረው ድንጋዩ ስለጠነከረ አይደለም፤ መጀመሪያ እንጨት ነበር። የኖረው ማን እንደሚሠራው፣ ማን እንደሚያድሰው፣ ማንስ እንደሚያልፍበት ሕጉ በግልጽ ስለተናገረና ነዋሪው ሕጉን የራሱ ስላደረገው ነው። ደግሞም በሕግ ያጣ ሰው ቂም የለውም። አባቶቻችን ‹‹በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች›› ያሉት ይህንኑ ነው። መሬቱ የግለሰብ በሆነበት ከተማ ሕጉ እግረኛውን ካልረሳ፣ መሬቱ ‹‹የመንግሥትና የሕዝብ›› በሆነበት አገር እግረኛውም፣ ተነሺውም የሚረሳበት ምክንያት የለም።

ወደዚያ ለማቅናት ለምታስቡ አንባቢያን ጥቂት ልጨምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምና ወደ ሚላኖ ይበራል፤ ከሁለቱም በፈጣን ባቡር ወደ ቦሎኛ መድረስ ይቻላል፤ ከሮም ሁለት ሰዓት ከምናምን፣ ከፍሎረንስ ግን አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። መሐል ከተማው በእግር የሚያልቅ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልግም። ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ይበረታል፤ ብዙ ሱቅም ይዘጋል። በሚያዝያ ወይም በመስከረም ሂዱ። ምቹ ጫማ ያዙ። ከተቻለ ከጾም ውጪ ይሁን።

ጃንጥላ ግን አትያዙ። የሚያስፈልጋችሁን ከ700 ዓመት በፊት ሕጉ አስቦላችኋል።

ቸር ይግጠመን።